ስለ ገብረ ሕይወት የቀረበ ጥያቄ

በላቸው ቢሆነኝ ከሄደበት ሲመለስ ሳያስታውቅ ቤቱ አይገባም ነበር። የአጥሩ በር ላይ ቆም ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሁለቱን አጠር አጠር፣ ሦስተኛውን ጎተት አድርጎ። ደጅ የደረሰ ሰው ድምፁን ማሰማቱ የአገሩ ሁሉ ወግ ነው። የሱን ግን ሚስቱ ፋንታነሽ ከገበያ ሙሉ ሰው ትለየው ነበር። ከውስጥ ሆና "ግባ፣ ማን ያዘህ" ትለዋለች። እሱም በራሱ ቤት እንግዳ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ፈገግ እያለ ይገባል። ልጅ አልያዘላቸውም። እዚያች ሞጣ ዳር ያለች ቤት ውስጥ የሚኖሩት ሁለቱ፣ የበላቸው እናት እማሆይ ወለተ ኢየሱስና ይደር የሚሉት ውሻቸው ነበሩ። በላቸውና ፋንታነሽ ፊት ለፊት ተያይተው ፍቅር የሚያወሩ ሰዎች አልነበሩም፤ ሰላምታውም፣ ቀልዱም፣ ፍቅሩም ያችው ምሽት ምሽት የምትባለው "ግባ፣ ማን ያዘህ" ነበረች።

ከዚያ የግብሩ ዘመን መጣ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት ነው። የእርሻ ገቢ ግብር የሚሉት አዲስ ነገር ታወጀና ገማቾች ወደ ሞጣና ወደ ቢቸና ተላኩ፤ ገበሬው ርስታችንን ሊለኩብን ነው ብሎ እንቢ አለ። በላቸው ሸፋች አልነበረም፤ ጠመንጃም አልነበረው። አንድ ቅዳሜ ማር ሊሸጥ ቢቸና ገበያ ወረደ። ገበያው መሐል ግርግር ተነሣ፣ ፖሊስ መጣ፣ እጁ የገባውን ሰው እያፈሰ ካሚዮን ላይ ጫነ። በላቸውም የማር ቅሉን እንደያዘ ተጫነ። ይህን ያላየ ገበያተኛ የለም። አህያውን የሞጣ ሰዎች ነድተው አመጡላት፤ እሱን ግን ካሚዮኑ ይዞት ሄደ።

ፋንታነሽ እግሯን አልቆጠበችም። ቢቸና ወረደች፣ ደጀን ድረስ ሄደች፣ ደብረ ማርቆስም ወጣች። የጠየቀችው ጣቢያ ሁሉ "እዚህ የለም" ይላታል፤ የት እንዳለ የሚነግራት ግን ጠፋ። አንዱ ዘበኛ ያዘነላት መስሎ ለባሏ የያዘችውን ስንቅ ተቀበላትና ካገኘሁት እሰጠዋለሁ አላት። ዘበኛው ራሱ እንደሚበላው ልቧ እያወቀ አመስግናው ተመለሰች። ምን ታድርግ! አገር ቤት ደግሞ ወሬው እንደ ወሬኛው ነበር፤ አንዱ አዲስ አበባ ናቸው ይላል፣ ሌላው ዓባይ በረሃ ላይ ጨርሰዋቸዋል ይላል፤ ሁለቱም የሚምሉት እኩል ነው።

ሳሉ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሰውም ከብቱም ወደ ቤቱ ሲሰበሰብ፣ የአጥሩ በር ላይ ጉሮሮ ይጠረጋል። ሁለቱ አጠር አጠር፣ ሦስተኛው ጎተት። ፋንታነሽ የያዘችውን ጥላ ብድግ ትላለች፤ "ግባ" የሚለው ቃል ከሷ ቀድሞ ከአፏ ይወጣል። ወጥታ ስታይ ማንም የለም። መጀመሪያ ሰሞን አጥሩን እየዞረች ቁጥቋጦውን እየገለጠች ትፈልገው ነበር። ኋላ ግን መላ አገኘች፤ ሳሉን እንደሰማች ዓይኗን ወደ ይደር ትጥላለች። ውሻው ምድጃው ጥግ እንደተጋደመ ነው፤ ጆሮውን እንኳ አያቆምም። እሱ ካልተነሣ ሰው አይደለም ማለት ነው፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። ልቧን ይዛ የምትውልና የምታድረው በዚህ ነበር።

እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ሳሉ ተሰምቷቸው አያውቅም። ምራታቸው ስትነሣና ስትቀመጥ ግን ያያሉ፤ ጠይቀው ነገሩን ሲረዱ ፊታቸው ጠቆረ። ለሳቸው ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ልጄ ሞቷል፣ ፍትሐት ሳይደረስለት፣ ተዝካሩን ድሀ ሳይበላለት ነፍሱ ደጅ ላይ ቀርታለች አሉ። ተዝካሩ ይውጣ ብለው ቆረጡ። ፋንታነሽ ግን እንቢ አለች። በሕይወት ያለ ሰው ተዝካሩ ከተበላ ከሰው ተርታ ወጣ ማለት ነው፤ ዳግመኛ ቤቱ አይገባም፤ ከልጅነቷ ጀምራ የሰማችው ይህን ነበር። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣራ ሥር፣ አንዷ ልጇን ልታሳርፍ፣ አንዷ ባሏን ላለመቅበር፣ እየተኮራረፉ ከረሙ። ሁለቱንም ያስጨነቃቸው ፍቅር ስለነበር በቀላሉ የሚታረቁ አልነበሩም።

በመጨረሻ ወደ መሪጌታ አካለ ወልድ ሄዱ። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው፣ የቤቱም ወዳጅ ናቸው። ሁለቱንም ሰሙና ሞቱ ላልተሰማ ሰው ፍትሐት አይደረስም፣ ቁርጡን አምጡልኝ አሉ። ቁርጡ ያለው ማን ዘንድ ነው? የወሰደው መንግሥት ዘንድ ነው። መንግሥትን ደግሞ ሞጣ ላይ ሆኖ ማን ይጠይቀዋል? ያኔ ነው የቢቸናው እንደራሴ ስም የተነሣው።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ድሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ቢቸና መርጣቸው ፓርላማ ገብተዋል። ክረምት ሲሆን ምክር ቤቱ ይዘጋና አገራቸው ይመጣሉ። ብዙው እንደራሴ ክረምቱን የሚያሳልፈው ድግስ ለድግስ ሲዞር ነው፤ እሳቸው ግን ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው አቤቱታ የሚሰሙ ሰው ነበሩ፣ ይህን ማንም አይክድባቸውም። ፋንታነሽና እማሆይ ጭቃውን እየረገጡ ቢቸና ወርደው ነገራቸውን ሲያስረዱ ቡናማ ኮታቸውን ቆልፈው አዳመጡ። ባልየው የተያዘው እሳቸው ከሚወክሉት ገበያ ስለሆነ የኔ ጉዳይ ነው አሉ።

ከዚያ የፓርላማውን ነገር አጫወቷቸው። ባለፈው ዓመት ተነሥተው "የታሰረው የጎጃም ሰው የት ደረሰ?" ብለው በቃል ጠይቀው ነበር። ሚኒስትሩ ፈገግ አሉና ጉዳዩ በመጠናት ላይ ነው ብለው ተቀመጡ፤ ተጨበጨበ፣ ሁሉም ወደ ምሳው ሄደ። የጽሑፍ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እንደራሴው ፈርሞ ያስገባዋል፣ ምክር ቤቱ መዝግቦ ለሚኒስቴሩ ይልከዋል፣ ሚኒስትሩ ደግሞ በፊርማው መመለስ አለበት፤ ፈገግታ በወረቀት አይላክም። ብቻ ጥያቄው ጠባብ መሆን አለበት። ስለ ብዙ ሰው ከጠየቋቸው ሾልከው ይወጣሉ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ስም፣ አንድ ገበያ ከሆነ ግን ይዣለሁ ወይም አልያዝኩም ከማለት በቀር ምንም አይሉም።

"እማሆይ፣ ስሙን ከነአባቱ አጽፋችሁ ላኩልኝ" አሏቸው አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ። "እኔ መውጫ ቀዳዳ አላስቀርላቸውም።"

ፋንታነሽ ስትመለስ እግሯ ቀለላት። እንደዚያ ያለ ጥያቄ በዓለም ላይ መኖሩን አታውቅም ነበር፤ የትልቅ ሰው አፍ ተይዞ አዎን ወይም የለም የሚባልበት! መልሱ ምንም ይሁን ምን እሷና እማሆይ ሊቀበሉት መንገድ ላይ ተማማሉ። አለ ካሉ ተዝካር የሚባል ነገር ዳግመኛ አይነሣም፤ የለም ካሉ ፋንታነሽ ጠላውን ራሷ ትጠምቃለች።

ሞጣ እንደደረሱ መሪጌታ ዘንድ ገቡ። መሪጌታ ብራናቸውን ገለል አድርገው ነጭ ወረቀት ዘረጉ፣ ብዕራቸውን ነከሩና ስሙን ንገሩኝ አሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የነገሩ ሁሉ መሠረት እዚህ ነው። በዚያ አገር ስም ተጽፎ ሲላክ የሚላከው ለምልጃ ነው። ወደ ገዳም፣ ወደ ባሕታዊ፣ ወደ ቅዳሴ የሚላከው ደግሞ የክርስትና ስም ነው። የክርስትና ስም ገበያ ላይ አይጠራም፤ ክፉ ሰው እንዳይሠራበት ከእናት፣ ከሚስትና ከንስሓ አባት በቀር ጎረቤት እንኳ አያውቀውም። እማሆይም ሳያመነቱ "ገብረ ሕይወት ወልደ ማርያም" አሉ። የልጃቸውንም የባላቸውንም የክርስትና ስም ነው የተናገሩት። መሪጌታ ጻፉት። ፋንታነሽ አጠገባቸው ተቀምጣ ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ ላለ ትልቅ ደጅ በላቸው የሚባለው የእርሻና የገበያ ስም ይበቃል ብሎ ያሰበ ከመካከላቸው አልነበረም።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስም በላቸውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ገብረ ሕይወት ተብሎ ደግሞ ገበያም ላይ የሚጠራ ሰው አለ፤ ምን ይጠርጥሩ? ስሙን እንደተላከላቸው አሳምረው ገለበጡትና ጥቅምት ላይ ምክር ቤቱ ሲከፈት አስገቡት።

መልሱ የመጣው በጥምቀት ሰሞን ነው። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ለበዓል መጥተው ሰው አልላኩባቸውም፤ ራሳቸው በጭነት መኪና ሞጣ ድረስ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ከቤቱ መሐል ቆመው አነበቡላቸው። ገብረ ሕይወት ወልደ ማርያም የተባለ ሰው በተባለው ጊዜ ቢቸና ገበያ ላይ አልተያዘም፤ ዛሬም በማናቸውም ወኅኒ ቤት አይገኝም። የሚኒስትሩ ፊርማ አለበት። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ በዚህ አልተውትም ነበር፤ ገበያው ሁሉ ሲጫን ያየውን ሰው እንዴት አልተያዘም ትላላችሁ ብለው በጽሑፍ ደግመው ጠይቀዋል። ያው መልስ ተመለሰላቸው።

እንግዲህ ፍረዱ። ሰው ሁሉ ያየውን ነገር መንግሥት አላየሁም ካለ ምን ማለት ነው? ቢኖር ኖሮ አለ ይሉ ነበር፤ ታሞ ቢሞት ሞተ ይሉ ነበር፤ ጭራሽ አልያዝነውም ማለት ገድለውታል ማለት ነው። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ እንዲህ አሰቡ፣ መሪጌታም እንዲህ አሰቡ፣ ሞጣም በሙሉ እንዲህ አሰበ። መንግሥት በዕድሜው አንድ ቀን እውነቱን ቢናገር የሚያምነው ሰው አጣ።

"እርምሽን አውጪ እቴ" አሏት እንደራሴው።

ፋንታነሽ ጩኸት አላሰማችም። ቃሏ ቃል ነውና ጌሾውን ወቀጠች፣ ጠላውን ጠመቀች፣ ልብሷን ከል ነከረች። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ዳስ ተጣለ፣ ካህናት መጡ፣ ፍትሐቱ ተደረሰ። በጸሎቱ መሐል መሪጌታ "ነፍሰ ገብርከ ገብረ ሕይወት" ሲሉ ስሙ በሚታወቅበት ቦታ ተጠራ። ፋንታነሽ ያኔ ነው ያለቀሰችው። እማሆይ አቀፏት፤ ሁለቱ ሴቶች ከተኮራረፉበት ጊዜ ወዲህ መጀመሪያ የተቃቀፉት ያን ቀን ነው።

ሳሉ ግን አልተወም። ተዝካሩ ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላ፣ ምሽት ላይ፣ የአጥሩ በር ዘንድ ያው ጉሮሮ ተጠረገ። ነፍሱ ካረፈች ማነው የሚጠራኝ? እማሆይን ስትጠይቃቸው ልጄ አርፏል፣ ይህ እንግዲህ ልጄ አይደለም አሉ። ድምፁን የወሰደ ክፉ መንፈስ ነው፤ ከመለስሽለት ይገባል። እንዳትመልሺለት። ጨርሶ እንዲተውሽ ከፈለግሽ ደግሞ ሂድ፣ እዚህ ቤት የለህም በይው፤ ያኔ ይሄዳል አሏት።

ፋንታነሽ ይህን ልትል አልቻለችም። መንፈስም ይሁን ሰይጣን ድምፁ የበላቸው ነው፤ በበላቸው ድምፅ ለሚጠራት እንዴት ሂድ ትበል? ግባ ማለቱንም ፈራች። ስለዚህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መዝጊያውን ትዘጋለች፤ ይደርንም ወደ ውጭ ታወጣዋለች፤ ውሻው አለመነሣቱን እያየች ደግማ ደግማ መሞት ሰልችቷት ነበር። ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠምጥማ ምድጃ ሥር ትቀመጣለች። ከስታ አጥንቷ ቀረ፤ ሰው ሲያናግራት ሁለቴ ካልጠሯት አትሰማም።

ሐምሌ ገባ። አንድ ምሽት ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ውሎ አባርቷል፤ ጉሙ አጥሩን ውጦታል። እማሆይ መደብ ላይ ሆነው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ፋንታነሽ ነጠላዋን ገና አልጠመጠመችም። የአጥሩ በር ላይ ጉሮሮ ተጠረገ። ሁለቱ አጠር አጠር፣ ሦስተኛው ጎተት።

እማሆይ ከዳዊታቸው ቀና አሉ።

ፋንታነሽ አየቻቸው። ተሰምቷቸዋል! ይህን ሁሉ ጊዜ ሳይሰማቸው የኖሩት ሴት ዛሬ ሰምተዋል። የሁለቱም ልብ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ነገር ሄደ፤ በረታብን፣ ወደ ሁለተኛዋም መጣ አሉ። ውጭ ይደር ይንሰቀሰቃል። ይህንንም ፍርሃት ነው ብለው ያዙት። እንደገና ተጠረገ፤ አሁን ቀስ ብሎ፣ እንደሚለምን ሰው።

"በይው ልጄ" አሉ እማሆይ፣ መስቀላቸውን ጨብጠው። "ዛሬ ካላልሽው አይለቀንም።"

ፋንታነሽ ተነሣች። ወደ መዝጊያው ቀረበችና ዓይኗን ጨፍና፣ ባላት ድምፅ ሁሉ፣ "ሂድ! እዚህ ቤት የለህም!" አለች።

ውጭ ጸጥ አለ። የይደር መንሰቅሰቅ ትንሽ ቆይቶ እየራቀ ሄደና እሱም ጠፋ። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ፋንታነሽ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ደረቷ ግን ቀሏት ነበር፤ እውነትም ቀሏት ነበር። ያን ሌሊት ከዘመናት በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጧት ይደርን ብትጠራው የለም። የአጥሩን በር ከፈተች። ዝናቡ ክፍቱን ቦታ ሲያጥበው አድሯል፤ ከበሩ የሣር ከዳን ሥር ግን ጭቃው እንዳለ ነው። የሰው ባዶ እግር ታትሞበታል፤ ብዙ እንደቆመ ሰው ሰምጦ ታትሟል። ከጎኑ የውሻ ኮቴ አለ። ፋንታነሽ ጎንበስ ብላ አየችውና ቀና ማለት አቃታት።

በዛብሽ ያገኘቻት እንደዚያ ጎንበስ እንዳለች ነው። በዛብሽ ባሏ የክሊኒክ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ሆኖ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ፣ ሰፈሩን ገና ያልለመደች ጎረቤት ናት፤ በላቸውን አታውቀውም። ምን ሆንሽ ብላ አነሣቻትና የትናንቱን እንግዳ አገኘሽው ወይ አለቻት። የምን እንግዳ? ትናንት ወደ ማታ ጢሙ የረዘመ፣ አጥንቱ የቀረ ሰውዬ ውኃ ለምኗት ነበር። ያ ቤት ደኅና ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷም የሟቹ የበላቸው ቤት ነው፣ ተዝካሩን በጥር አወጡለት፣ ሚስቱ ከል ለብሳ አለች ብላ ነገረችው። ሰውዬው ውኃውን ሳይጠጣ ጣሳውን መለሰላት።

"ከዚያ 'እንግዲያው ቀስ ብዬ ልግባ፣ እንዳትደነግጥ' አለ" አለች በዛብሽ። "ዘመድ መስሎኝ።"

ፋንታነሽ ከሉን እንደለበሰች በቢቸና መንገድ ወጣች። ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቃለች። ጢማም ሰው ከውሻ ጋር ሲሄድ ያየ አለ፤ ወደ ደጀን ነው፣ ወደ ዓባይ ድልድይ ነው አሏት። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። መንገዱ ሲከዳት እግሯ ቢቸና ላይ የሚያውቀው አንድ ደጅ ብቻ ነበር። ክረምት ስለሆነ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤታቸው አሉ። ጭቃ በጭቃ ሆና ፊታቸው ቆመችና ሌላ ጥያቄ ይጻፉልኝ አለች። ብዕራቸውን አነሡ። ስለ ማን? በላቸው ቢሆነኝ።

"በላቸው ማን ነው?" አሉ።

"ባሌ ነዋ።"

"ባልሽ ገብረ ሕይወት አይደለም እንዴ?"

"እሱ የክርስትና ስሙ ነው፣ ጌታዬ።"

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ብዕሩን አስቀመጡት። ወደ ውጭ፣ ወደ ዝናቡ አዩ። የጎጃም ልጅ ናቸው፣ ነገሩ ሊብራራላቸው አላስፈለገም፤ እሳቸውም የክርስትና ስም አላቸው፣ እሱን ይዞ ቢፈልጋቸው ፓርላማው ውስጥ የሚያገኛቸው ሰው የለም። መውጫ ቀዳዳ አላስቀርም ብለው ነበር። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ተቀመጡ፤ ሴትዮዋ ግን ቆማ ትጠብቃቸው ስለነበር እንደገና ብዕሩን አነሡና ጻፉ።

እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ለመልሱ አልደረሱም። ፋንታነሽ ያገኘችውን ስትነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ምግብ አልቀበል አሉ፤ ፍልሰታ ሳይፈታ ተቀበሩ። ምራታቸው አንድም ቀን አልወቀሰቻቸውም፤ ቃሉን ያወጣው የኔ አፍ ነው ትል ነበር።

መልሱ እንደበፊቱ በጥምቀት መጣ፤ የሚኒስትሩ ፊርማ አለበት። በላቸው ቢሆነኝ በቢቸናው ግርግር ተይዞ ታስሮ የነበረ ሲሆን በምሕረት ተለቆ ወደ አገሩ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ ያለበትን ሚኒስቴሩ አያውቅም። ፋንታነሽ ንባቡን እስከ መጨረሻ ሰማችና ታዲያ አሁን የት እንዳለ ይጠይቁልኝ አለች።

"መንግሥት የሚጠየቀው በእጁ ስላለ ሰው ነው" አሏት አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ዓይኗን ማየት እየፈሩ። "ከለቀቀው በኋላ ልጠይቀው አልችልም።"

"እውነትዎን ነው" አለች። "ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው እኔ ነኝ።"

ወጥታ ሄደች። እንደራሴው ከዚያ በኋላ በየምክር ቤቱ ዘመን ስለ ብዙ ሰው ጻፉ ይባላል። ስም ሲቀበሉ ሁለቱንም ስም ሳይጠይቁ አያልፉም ነበር። ኋላ ዘውዱም ወረደ፣ ፓርላማውም ተዘጋ፤ የሚጠይቅም የሚመልስም ቀረ።

ፋንታነሽ ግን የአጥሩን በር ነቅላ ጣለችው። ከሞጣ ወደ ቢቸና የሚያልፈው መንገድ በደጇ ነው፤ መንገደኛ አይጠፋበትም፣ መንገደኛ ደግሞ ብርድ ያስለዋል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ምሽት ላይ በደጇ በኩል አንድ ሰው ጉሮሮውን በጠረገ ቁጥር ፋንታነሽ ከምድጃዋ ትነሣለች፣ ደጁ ላይ ትቆማለች፣ "ግባ፣ ማን ያዘህ" ትላለች። ሰውዬው ማን እንደሆነ አትጠይቅም። አንዳንዱ ደንግጦ ይሮጣል፤ አንዳንዱ አዝኖላት ገብቶ እሳት ሞቆ ይሄዳል። የሰፈሩ ሰው ይህን ማየት አልቻለም። ስለዚህ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በዚያ ደጅ የሚያልፍ የሞጣ ሰው፣ ሳል ቢይዘው እንኳ፣ አፉን በጋቢው አፍኖ ያልፋል።